በጁምዓ ያልተጠራ ስም

በሊ ዓድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዒፍራህ ሳማታር
አፍደም

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የአፍደም ሙቀትስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ጃማ አድርሶልኛል። ከአፍደም ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በጅጅጋና በሐርተሼክ በጭነት መኪና አድርጎ እኔ ሱቅ እስኪደርስ ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። ጃማ “ይቺ ወረቀት ከሚስቴ የበለጠ አገር አየች” እያለ ሲስቅ ነበር።

ስለ ከተማችን ጠይቀሻል። በሊ ዓድ እንደምታውቂያት ናት። ኩሬው ጎድሏል፤ የሀርሺን ከብት ነጋዴዎች ግን አሁንም በዚሁ ያልፋሉ። ሱቄም ከመስጊዱ አጥር ጋር እንደተለጠፈች አለች። አዲስ አስተዳዳሪ መጥቶልናል። ዳሂር ይባላል፤ ጅጅጋ የነበረው የሀምሴ ልጅ።

አባትሽ ለምን እንዳልጻፉልሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ቦታ ጠይቀሻል። ጤናቸው ደኅና ነው። ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ። አሁን ያሉበት ቦታ ግን ለወረቀትና ለቀለም አይመችም። የላክሽላቸውን ብርድ ልብስ በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፤ በጣም ነው የጠቀማቸው።

ለረመዳን እመጣለሁ ያልሽውን ለጊዜው ተዪው። መንገዱ ጥሩ አይደለም። ሲስተካከል እኔው እጽፍልሻለሁ።

ኤዶሽ ፊርደውስ


በሊ ዓድ፣ ኅዳር 28 ቀን 1989

ልጄ ዒፍራህ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። “ኤዶ፣ እንደ ሹም መጻፍ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? አባቴ የት ነው ያሉት?” ብለሽ ስትጽፊልኝ አፈርኩ። ከኮምቦልቻ መጥቼ እዚህ ሱቅ ስከፍት ሰባት ዓመትሽ ነበር። እናትሽን አላህ ይማራት፣ በዚያው ዓመት ነው የሞተችው። ቀን ቀን እኔ ባንኮኒ ላይ ትውዪ ነበር፤ አባትሽ ቁርኣን ያስቀሩሻል፣ እኔ ፊደል አስቆጥርሻለሁ። የሥጋ አክስትሽ ሳልሆን ኤዶ ያልሽኝም ያኔ ነው። ልደብቅሽ አይገባኝም ነበር።

አባትሽ ታስረዋል። ባለፈው ስጽፍልሽ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘው ነበር። ያሉት በአስተዳዳሪው ግቢ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። አልደበደቧቸውም። ይህን በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርሽ።

ምክንያቱን ከዕለት ማስታወሻዬ እየገለበጥኩ ልጻፍልሽ። በንዴት ከምተርክልሽ ይህ ይሻላል።

ጥቅምት 6፦ ሼኽ ሳማታር ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ዳሂር መጣ። “ሼኽ፣ በጁምዓው ስብከት፣ በኹጥባው መጨረሻ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ስሜን ያንሱ” አላቸው።

“ታመሃል እንዴ ልጄ? በስም እየጠራሁ የምለምነው ለበሽተኛ ነው።”

“አልታመምኩም። መሪ ነኝ።”

“ለመሪዎችማ በየሳምንቱ ‘ቅኑን መንገድ አሳያቸው’ እላለሁ። አንተም እዚያ ውስጥ አለህበት።”

“በስሜ ነው ያልኩት።”

እሱ ከሄደ በኋላ አባትሽ ወደ እኔ ዞረው፣ “በጥንቶቹ ሱልጣኖች ዘመን የዘውድ ምልክቱ ሁለት ነበር” አሉኝ። “በስም ገንዘብ ማሳተምና በጁምዓ ስምን ማስጠራት። ስሙን የዘለለ ሰው ዐመፀኛ ተብሎ አንገቱን ይቀላ ነበር። ዳሂር ገንዘብ ማሳተም ስላልቻለ ወደ እኔ መጣ።” ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 8፣ 15፣ 22፦ ሦስት ጁምዓ። ለበሽተኞች፣ ለመንገደኞች፣ በሐርተሼክ መጠለያ ላሉት ስደተኞች ተለመነ። ስሙ አልተጠራም።

ጥቅምት 27፦ ሼኽ ታሰሩ። ክሱ ሁለት ነው። ቁርኣን አቃጥለዋል፤ በአስተዳደሩ ላይ ዐምፀዋል።

የመጀመሪያውን ሳትደነግጪ አንብቢው። ያረጀና ምስጥ የበላው ገጽ መሬት ወድቆ እግር እንዳይረግጠው በክብር አቃጥሎ አመዱን መቅበር የተፈቀደ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባትሽ በየሦስት ዓመቱ ከየቤቱ ሰብስበው ያደርጉታል። የከተማችንን ልማድም ታስታውሺያለሽ፤ መጽሐፉ የሟች ከሆነ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት የሟቹ ስም ተጠርቶ ይጸለይለታል። ባለፈው ነሐሴ ያደረጉት በእኔ ጓሮ፣ በእኔ ግማሽ በርሜል ነው። ክብሪቱንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዳሂር ዋና ምስክር አድርጎ የሚፈልገው እኔን ነው። የቃል ወረቀት እያስጻፈ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

አሁን የምነግርሽን እንደማትወጂው አውቃለሁ። ምግብ ሳደርስላቸው፣ “ሼኽ፣ አንድ ስም ነው። አንድ ጁምዓ ጠርተው ይውጡ። መኪና ሲገለበጥ ነጋዴ የተረፈውን ይዞ ነው የሚወርደው” አልኳቸው።

“የመጀመሪያው ጁምዓ ላይ ብጠራው እንደ ስሕተት ይቆጠርልኝ ነበር” አሉኝ። “አሁን ግን ከተማው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚጠብቀኝ። አሁን ብጠራው ዱዓ መሆኑ ይቀራል። ግብር ይሆናል።”

ተናድጄ ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። አንቺ ጻፊላቸው፤ ምናልባት አንቺን ይሰሙሻል።

ፊርደውስ


አፍደም፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1989

ውድ ኤዶ ፊርደውስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ያነበብኩት በዕረፍት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። ተማሪዎቼ ሲመለሱ ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ ረጅም የማባዛት ሠንጠረዥ ጻፍኩ። አንዷ “መምህርት፣ ይሄንን ተምረነዋል እኮ” አለችኝ።

ለአባቴ እንድጽፍላቸው የጠየቅሽኝን አልጻፍኩም። ስሙን ጥሩ ብለሽ መምከርሽ አናዶኛል። ግን ሐቁን ልንገርሽ፤ ደብዳቤሽን አጥፌ ሳበቃ እኔም በልቤ “አባዬ፣ ጥሩትና ውጡ” ብያለሁ። ካንቺ አልሻልም። ይህን ለእሳቸው ጽፌ በእጃቸው እንዲገባ ስላልፈለግሁ ነው የተውኩት። አንድ ጊዜ ካነበቡት እኔን ደስ ለማሰኘት ያደርጉት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓይኔን አያዩኝም።

ወሬው እዚህም ደርሷል። ስኳር የምገዛበት ባለሱቅ፣ “ቁርኣን ያቃጠለው ሰውዬ ልጅ አንቺ ነሽ አሉ” አለኝ።

“አዎ ነኝ። አመዱ የት እንደተቀበረ ላሳይህ? ያንተ አያት መጽሐፍ የት እንዳለ አንተ ታሳየኛለህ?” አልኩት።

ስኳሩን መዘነልኝ። ሲመዝን ግን ከወትሮው ጨምሮልኛል፤ አሳፍሬው ይሁን አስፈርቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ በቀጥታ መልሺልኝ። ወረቀቱ ላይ ፈርመሻል? ፈርመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ሱቅሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብቻሽን መሆንሽንም አውቃለሁ፣ አልጠላሽም። ፈርመሽ ብትደብቂኝ ግን ኤዶ የሚለውን ቃል ሁለተኛ አልጽፍም።

ልጅሽ ዒፍራህ


በሊ ዓድ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1989

ልጄ ዒፍራህ፣

ፈርሜያለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ባለፈው ሰኞ ዳሂር ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጸሐፊው የድሮ ሰው ስለሆነ በአማርኛ ነው የጻፈው። “ሼኽ ሳማታር የቁርኣን ገጾችን በእግራቸው ረግጠው፣ ጋዝ አርከፍክፈው፣ እየሳቁ ሲያቃጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

“የእጅ ጽሑፉ ያምራል” አልኩት። “ግን ጋዝ የሚያርከፈክፍ ሰው አይስቅም፤ ዓይኑን ያቃጥለዋል።”

“ኤዶ፣ ቀልዱን ተዪውና ፈርሚ።”

“ዛሬ ኤዶ ሆንኩ? ባለፈው ሳምንት ‘ይቺ ወሎዬ’ ነበርኩ።”

“እንግዳ መሆንሽን አትርሺ። ይህ ሱቅ የቆመበት መሬት የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።”

“ዐሥራ አምስት ዓመት የቆየ እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? እንዲህ ላለውማ ባለቤቱ ነው ተሰናብቶ የሚወጣለት።”

ተከትለውት የመጡት ሁለቱ ዘበኞች ሳቃቸውን ዋጡ። እሱ አልሳቀም። “እስከ ሐሙስ ልየው” አልኩት።

“አንብበሽ ጨረስሽው እኮ!”

“እኔ ሽርጥ እንኳ ገልብጬ ሳላይ አልረከብም።”

ሲሄድ ማስታወሻዬን ከፍቼ የነሐሴ 20ን ገጽ አወጣሁ። ያን ቀን ማን ምን እንዳመጣ በተርታ ጽፌዋለሁ፤ ዐሥራ ሰባት ቤት ነው። ዘጠነኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ “ሀምሴ። የሟች ባሏ የዐብዲናስር ቁርኣን፣ ምስጥ የበላው፣ በነጭ ጋርቤሳር ሻርፕ ተጠቅልሎ።” የዳሂር አባት ማለት ነው። አባትሽ ስሙን ጠርተው ዱዓ አድርገውለታል፣ ማንም ሳያዛቸው። ዳሂር ያኔ ጅጅጋ ስለነበር ይህን አላወቀም።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ ልጄ። ዕቃ ሲገኝ ወዲያው ገበያ ማውጣት የለመደ ሰው ስሕተት ነው። በማግሥቱ ሀምሴ ዘንድ ሄጄ፣ “ልጅሽ ወንጀል የሚለውን አንቺም ሠርተሻል፤ ንገሪውና ይተው” አልኳት።

ሻሽዋን አስተካከለች። “የባሌን መጽሐፍ የሰጠሁት ለሼኹ ነው። ላንቺ ደብተር አልሰጠሁም። ማን ጻፊ አለሽ?” አለችኝ።

ዐሥራ አምስት ዓመት ስጽፍ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተነሥቼ ወጣሁ።

ለልጇ እንደምትነግረው ገባኝና ደብተሩን በዚያው ዕለት በጃማ መኪና መቀመጫ ሥር አስቀመጥኩ። ሐሙስ ወረቀቱን መለስኩ። ከግርጌው “አንብቤዋለሁ፤ ውሸት ነው” ብዬ ጽፌ ሙሉ ስሜን አሰፈርኩበት። የፈረምኩት ይህንን ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሱቁን ፈተሹ፤ የጨርቅ ጥቅሎቼን አንድ በአንድ እየዘረጉ ደብተር ፈለጉ። “ስታበቁ እንደነበረ ጠቅልሉት” አልኳቸው። ቅዳሜ ሱቄን አሸጉት።

ደብተሩ ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጅሽ ገብቷል። ነገሩን የሚያየው የወረዳው ቃዲ ጥር 19 ይመጣል። ሐቀኛ ሰው ነው ይላሉ። ከመምጣቱ በፊት ያንን ገጽ ይዘሽ ወዳለበት ሄደሽ አሳዪው፤ ከተማው በሙሉ ያደረገውን አንድ ሰው ብቻውን ሊከሰስበት እንደማይችል ያያል።

አባትሽ ስለ ወረቀቱ ሰምተው፣ “በጥሩ አማርኛ ነው የጻፍሽው?” ብለው ጠየቁኝ።

ፊርደውስ


አፍደም፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1989

ውድ ኤዶ፣

“ፈርሜያለሁ” የሚለውን ሳነብ ደብዳቤሽን ወርውሬው ነበር። ከአልጋ ሥር አውጥቼ ነው የጨረስኩት። ሁለተኛ እንዲህ አትጀምሪብኝ።

ደብተርሽን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ራሴንም አገኘሁት። “ዒፍራህ ዛሬ ሀ እና ሐን ለየች። አባቷ በደስታ ፍየል ሊያርዱ ነበር፤ ለፊደል ፍየል አይታረድም ብዬ ከለከልኳቸው” ይላል። ፍየሌን ከለከልሽኝ!

እንዳልሽኝ ለመሄድ ልብሴን ሸክፌ፣ ከርእሰ መምህሩም ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ከዚያ የነሐሴ 20ን ገጽ ስሞች አንድ በአንድ አነበብኩ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው በልቻለሁ። ቃዲው “ይህ ወንጀል አይደለም” ብሎ ከፈረደ ምንም አይደል። ወንጀል ነው ካለ ግን ለዳሂር ዐሥራ ሰባት ቤት በእጄ ወስጄ አስረከብኩት ማለት ነው። የሀምሴ ጥያቄ አንቺን ከቤቷ እንዳስወጣሽ እኔንም ከመንገዴ መልሶኛል። ማን ጻፊ አለሽ?

ልብሴን ከሻንጣው አወጣሁ።

አባቴን ለማስወጣት ሌላ ሰው ማስገባት አልችልም። አልፈልግም አላልኩሽም፤ እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሻንጣውን እያየሁ ነው። አንቺው ባለቤቶቹን ጠይቂልኝ። እሺ ያሉትን ብቻ ጻፊልኝ፤ የእነሱን ይዤ እሄዳለሁ።

ዒፍራህ


በሊ ዓድ፣ ጥር 6 ቀን 1989

ልጄ ዒፍራህ፣

እንኳን ለረመዳን በሰላም አደረሰሽ። ፍየሉን አልረሳሁትም፤ እከፍልሻለሁ።

ልክ ነሽ። መጀመሪያ ሳነበው ግን “ይቺ ልጅ አባቷን በጨዋነት ልታስገድል ነው” ብዬ ጮኬያለሁ። ከዚያ ጋርቤሳሬን ለበስኩና ከዐሥር ሰላት በኋላ በየቤቱ መዞር ጀመርኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በየበሩ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ “ስምህን ጽፌዋለሁ፤ ሳልጠይቅህ ነበር የጻፍኩት። አሁን ልጠይቅህ፤ ቃዲው ፊት ይጠራ?”

ወተት ሻጯ ቢሻሮ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም። “ይጠራ እንጂ! ስሜ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመጠለያ ካርዴ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ተሳስተውታል” አለችኝ።

ልብስ ሰፊው ዐብዲኑር መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ፣ “ስድስት ልጅ አለኝ ፊርደውስ። ያን ቀን እኔን አላየሽኝም” አለ።

“አላየሁህም” አልኩት። “እንድትሰፋው የሰጠሁህን የድሪ ቀሚስ ግን መቼ ነው የምትጨርሰው?” እንባው ዓይኑ ላይ እንዳለ ሳቀ።

አሮጊቷ ዐርዶ ምን ብትል ጥሩ ነው? “ዳሂር ስሙ መስጊድ ውስጥ እንዲጠራ ይህን ያህል ከቸኮለ ይሙታ! ያን ጊዜ እኔው ራሴ አስጠራለታለሁ።” ልጆቿ አፏን ሊይዟት ሲሮጡ “ልቀቁኝ፣ ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽም” ትላለች።

እሺ ያሉት አምስት ቤት ናቸው። ዘጠኙ እምቢ ብለዋል። ሁለቱ ወደ ጅጅጋ ሄደዋል። ሀምሴን አልጠየቅኋትም፤ መልሷን ሰጥታኛለች። እምቢ ካሉት ማንንም አልተቀየምኩም። እኔ ራሴ ከሁለት ወር በፊት “አንድ ስም ነው” ያልኩ ሰው ነኝ።

ስዞር ሌላ ነገር ገባኝ። አምስቱን ለይተን ብናሳይ ቃዲው “የቀሩትስ?” ይላል፤ ደብተሩ ካለ ደግሞ ዳሂር ያስቀርበዋል። ስለዚህ ወደ ቃዲው አትሂጂ። የነሐሴ 20ን ገጽ ቀድደሽ አቃጥዪው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ገጽ ቀድጄ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍልሽ ጥርሴን አመመኝ። መናገር የሚፈልግ ሰው በእግሩ መጥቶ በአፉ ይናገር። እኔ እናገራለሁ።

ለአባትሽ “ስሙን ይጥሩ ማለቴን ትቼዋለሁ” አልኳቸው። “ዋጋው ሲወደድ ነው እንዴ መግዛት የጀመርሽው?” አሉኝ።

ፊርደውስ


አፍደም፣ ጥር 13 ቀን 1989

ውድ ኤዶ፣

ገጹን አቃጥዬዋለሁ። ከመቅደዴ በፊት ዐሥራ ሰባቱንም በቃሌ ያዝኳቸው፤ አትቆጪኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚፈትሽ ዘበኛ የለም። ሟቾቹን በየሰላቱ እጠራቸዋለሁ። የዳሂርን አባትም።

ይህ ደብዳቤ ከቃዲው ቀን በፊት ቢደርስሽ፣ ለአባቴ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ልጅዎ “ጥሩት” አላለችም በያቸው። በልቤ ማለቴን አትንገሪ።

ዒፍራህ


በሊ ዓድ፣ ጥር 24 ቀን 1989

ልጄ ዒፍራህ፣

ይህን ደብዳቤ ያደረሱልሽ አባትሽ ናቸው። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪውና ወደ እሳቸው ሂጂ። መንገደኛ ነኝ አልጾምኩም ካሉ ውሃ፣ ጾመኛ ነኝ ካሉ ጥላ ስጪያቸው። ሲተኙ ተመልሰሽ አንብቢው። እሳቸው ሲነግሩሽ አሳጥረው ስለሚነግሩሽ ነው እኔ የምጽፈው።

መልእክትሽ በዋዜማው ደርሶኝ ነገርኳቸው። “በልቧስ?” ብለው ጠየቁኝ። “አላውቅም” አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ቃዲው የተቀመጠው በመስጊዱ ግቢ ነው። “ምስክር ፊርደውስ” ብሎ ሲጠራኝ፣ “ምስክር አይደለሁም። ጓሮውም፣ በርሜሉም፣ ክብሪቱም የእኔ ነው። ወንጀል ከሆነ ተከሳሽ ብለው ይጻፉኝ” አልኩት። ዋጋ እንደምናገር አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ከአምስቱ ሦስት መጡ። ቢሻሮ የወተት ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ “እኔም አለሁበት” አለች። ዐርዶ ያለችውን አልጽፈውም፤ ቃዲው ሁለት ጊዜ አስቁሟታል። ዐብዲኑር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከኋላ ቆሞ ነበር። እስከ መጨረሻው አልሄደም።

ቃዲው ወደ ዳሂር ዞሮ፣ “በእናንተ ቤት ያረጀ መጽሐፍ የት ይገባል?” አለው። የዳሂር አባት ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሀምሴ በሴቶቹ በኩል ተቀምጣ ታየኝ ነበር። አልተናገርኩም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያዋጣ ዕቃ ይዤ ሳልሸጥ ተመልሼ አላውቅም።

ቃዲው የመጀመሪያውን ክስ ጣለው። “ወንጀል የለም፤ ይህ መጽሐፉን ማክበር ነው” አለ። ሁለተኛውን ሲያነብ፣ “በአስተዳደሩ ላይ ማመፅ የሚለው እኔ በምፈርድበት ሕግ ውስጥ የለም” ብሎ ወረቀቱን ወደ ዳሂር ገፋው። ዳሂር ፊቱ እንደጠቆረ በራሱ ሥልጣን ፈረደ፤ ሼኹ ይለቀቁ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ከተማውን ለቅቀው ይውጡ፣ በሚሰብኩበት ምንበር ላይ ሁለተኛ አይውጡ።

አባትሽ፣ “ምንበሩን ውሰደው ልጄ፣ እንጨት ነው” አሉትና ጫማቸውን ፈልገው ወጡ።

ሱቄ እንደታሸገ ነው። ከፊቱ ሸራ ወጥሬ መሬት ላይ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ዳሂር በዚያ ሲያልፍ “ማን ፈቀደልሽ?” አለኝ። “ማንንም አልጠየቅሁም” አልኩት። ቆሞ አሰበና ሄደ። ነገ ሸራውን ያስነሳ ይሆናል። ከነገ ወዲያ እኔ እመልሰዋለሁ።

ትናንት ጁምዓ ነበር። ዳሂር ከሌላ ቦታ ሰባኪ አምጥቶ፣ ስሙ ገበያው ድረስ እንዲሰማለት የመስጊዱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሰቅሎ ነበር። አባትሽ እንደማንኛውም ሰው ገብተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከሸራዬ ሥር ሆኜ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ። ሰባኪው ለበሽተኞች ለመነ፤ ሕዝቡ “አሚን” አለ። ለመንገደኞች ለመነ፤ “አሚን” አለ። “ለመሪያችን ለዳሂር ዐብዲናስር” ብሎ ጀምሮ ጨረሰ።

ምንም የለም።

ድምፅ ማጉያው ሥራውን አላቋረጠም፤ ዝምታውን እስከ ከብት ገበያው መጨረሻ ይዞት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሲያስል ተሰማ። ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩት የሀርሺን ሰዎች ክርክራቸውን አቁመው ቀና አሉ። ሰባኪው ያልተሰማ መስሎት ስሙን ከነአባቱ ደገመው። አሁንም ምንም። “እምቢ” ያሉኝ ዘጠኙም እዚያ ውስጥ ነበሩ ልጄ፤ ዐብዲኑር ከነስድስት ልጆቹ ፍርሃት እዚያ ውስጥ ነበር።

ሰባኪው ጉሮሮውን ጠርጎ ለዝናብ ለመነ።

ያን ጊዜ ያሉት “አሚን” የታሸገውን የሱቄን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው።

ፊርደውስ